ከአባት ወገን



ባለፈው ረመዳን ከተራዊሕ በኋላ አሜሪካ የምትኖረው የአክስታችን ልጅ ደወለች። ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኝቶ እንደታከመች ሰምተን ዱዓ ስናደርግላት ከርመናል። ያን ሌሊት የፈለገችው ግን ሌላ ነበር፦ «እናቴ የሞተችው በምንድን ነው?»

እናቷ ሲሞቱ ሕፃን ነበረች። እኛም የምናውቀው «በአጭር ሕመም» የሚለውን ብቻ ነው። በቤታችን የዚያ በሽታ ስም አይጠራም። እሷ ግን ደሟ ተመርምሮ ቢ.አር.ሲ.ኤ.1 በተባለው ዘረመል ላይ ጉድለት ስለተገኘ፣ ከየትኛው ወገን እንደመጣ ማወቅ ነበረባት።

ይህን ዘረመል ለተማሪዎቻችን አስተምረናል። አሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ሜሪ ክሌር ኪንግና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1990 በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ መኖሩን አመላከቱ፤ ዘረመሉ ራሱ በ1994 ተለየ። ሰሌዳ ላይ ስንጽፈው የቤታችን ጉዳይ ይሆናል ብለን አላሰብንም።

ምርመራው የሚያሳየው የተወረሰ ተጋላጭነትን እንጂ ካንሰር መኖሩን አይደለም። ከ100 የጡት ካንሰሮች በውርስ የሚመጡት ከ5 እስከ 10 ያህሉ ናቸው። ጉድለቱን የወረሰች ሴት ግን እስከ 80 ዓመቷ በበሽታው የመያዝ ዕድሏ ከ100 ወደ 70 ይጠጋል። የጡት ነገር ስለሆነም ከእናት ብቻ የሚመጣ ይመስለናል። አባትም ጤነኛ ሆኖ ሊሸከመው ይችላል፤ ከተሸከመው ደግሞ ለእያንዳንዱ ልጁ፣ ለሴትም ለወንድም፣ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ሟቿ የአባታችን እህት ናቸው። እኛ ደግሞ አራት እህቶች አሉን።

«ቀደርን መመርመር ነው» ያሉን ዘመዶች አልጠፉም። ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ከመንገድ መመለሳቸውን መድረሳ የተማርነው ግን ከነሱው ጋር ተቀምጠን ነው።

እውነቱን ለመናገር የኛ ፍርሃት ቀደር አልነበረም። ሁለቱ እህቶቻችን ገና አላገቡም፤ «የዚያ ዘር ናቸው» እንዳይባሉ ሰጋን። ሁለት ሳምንት ዝም አልን። የቤተሰቡ ጉድለት ከታወቀ እነሱ ያንኑ ብቻ መመርመር ይበቃቸዋል። ያልወረሰችው እፎይ ትላለች፤ የወረሰችው ከ25 ዓመቷ ጀምሮ በየዓመቱ በኤም.አር.አይ.፣ ከ30 በኋላም በማሞግራፊ ጭምር ጡቷን ትታያለች። ይህን እያወቁ መደበቅ አማና ማጉደል ሆነብን።

ዒድ ሲያልፍ አባባን ለብቻቸው አግኝተን ነገርናቸው። ሙስበሓቸውን ይዘው ብዙ ቆዩ። ከዚያ «እሷ ብቻ አይደለችም» አሉና በጣታቸው እየቆጠሩ ሦስት ስም ጠሩ። ሦስተኛውን ስም ሰምተነው አናውቅም ነበር።