ካርዱና ሜዳው፦ የትምህርት ችሎታ በቅርጫት ኳስ የአሠልጣኝነት ሲሙሌሽንና በፉሪ ሜዳ

ፉሪ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ በሚገኝ የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ለሁለት ዓመታት ታዳጊዎችን ቅርጫት ኳስ ሳሠለጥን ቆይቻለሁ። ሥራው የበጎ ፈቃድ ነው፤ የአሠልጣኝነት ምስክር ወረቀትም የለኝም። ስለ ማሠልጠን የማውቀው በተማሪነቴ ከተጫወትሁት እና፣ ለመናገር ትንሽ ቢያሳፍረኝም፣ ማታ ማታ በኮምፒውተር ከምጫወታቸው የአሠልጣኝነት ሲሙሌሽኖች የቃረምሁትን ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ከእነዚህ ሲሙሌሽኖች አንድን ሐሳብ ሳልመረምር ወደ ሜዳ ይዤ በመግባቴ የፈጸምሁትን ስሕተትና ከስሕተቱ የተማርሁትን ማካፈል ነው።

«ሁፕስ ዳይናስቲ» በተባለው ጨዋታ ሰው የአንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ቡድን አሠልጣኝ ይሆናል። ተማሪዎችን ይመለምላል፤ የልምምድ ደቂቃዎችን ለውርወራ፣ ለመከላከል፣ ለኳስ ማቀበል ያከፋፍላል፤ ከዚያው ላይ ለጥናት የሚሆነውን ይቀንሳል። አማካይ ነጥቡ ከተወሰነው ወለል በታች የወረደ ተጫዋች ከውድድር ይታገዳል። ክህሎት የሚያድግበትን ፍጥነት ደግሞ «የሥራ ትጋት» የሚባል ሌላ ቁጥር ይወስነዋል። ትምህርት እዚህ ሁለት ሚና ብቻ አለው፦ በር ነው፤ ግብርም ነው። በርነቱ ተጫዋቹን ያስገባል ወይም ያስቀራል፤ ግብርነቱ ከልምምዱ ጊዜ ይቀንሳል። የጨዋታ ችሎታ ምንጭ ሆኖ ግን የትም አይታይም።

በዚህ ሥርዓት ብልህ አሠልጣኝ ከፍተኛ ነጥብ ያለውን ተማሪ ይመርጣል። እንዲህ ያለው ተማሪ ለጥናት ጥቂት ደቂቃ ስለሚበቃው የቀረው ጊዜ ሁሉ ለክህሎት ይውላል። ስሌቱ በኮምፒውተሩ ውስጥ ትክክል ነው። ስሕተቱ የጀመረው እኔ ወደ ሲሚንቶው ሜዳ ሳወርደው ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ታዳጊዎቹ የትምህርት ቤት ካርዳቸውን እንዲያሳዩኝ አደረግሁ። ምክንያቴን ለራሴ ሳስረዳ «ለትምህርታቸው ስለማስብ ነው» እል ነበር። በእርግጥ ግን ከክፍላቸው ከፍ ያለ ደረጃ ያላቸውን ፈጥነው ይማራሉ ብዬ ብዙ ጊዜ ሰጠኋቸው፤ ዝቅ ያለ ደረጃ ያላቸውን ከሜዳው ዳር አስቀመጥኋቸው። ከእነዚህ አንዱ ከገጠር የመጣ፣ በአፋን ኦሮሞ ሲማር ቆይቶ በአማርኛ ወደሚያስተምር ክፍል የገባ ልጅ ነበር። ደረጃው ከመጨረሻዎቹ ተርታ ነው። በልምምድ ጊዜ በስተቀኝ እንዲሄድ ስነግረው ወደ ግራ ይሄዳል። ሦስት ጊዜ ተደጋገመ፤ «አልገባውም» ብዬ ደመደምሁ።

አንድ ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ መሬት ላይ ተቀምጦ ለጓደኛው አንድ ነገር ሲያስረዳ ደረስሁበት። አምስት ጠጠር የእኛ ቡድን፣ አምስት ቆርኪ ተጋጣሚ አድርጎ ደርድሯል። በአፋን ኦሮሞ የሚናገረውን በከፊል ብቻ ብከተልም እጁ ሁሉንም ነገር ይናገር ነበር። በስተቀኝ የተቃራኒው ቡድን ረጅሙ ልጅ ቀድሞ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ክፍት ያለው ግራው ነው። ልጁ ትእዛዜ ገብቶታል፤ ያልተቀበለው ስሕተት ስለሆነ ነው። ለምን እንዳልነገረኝ ስጠይቀው በአማርኛ ቀስ ብሎ «ጠይቀውኝ አያውቁም» አለኝ።

ካርዱ የመዘነው የልጁን የማሰብ አቅም አልነበረም፤ በአዲስ የትምህርት ቋንቋ ያሳለፈውን አንድ ዓመት ነበር። እኔ ደግሞ የዚያን ቁጥር ትርጉም ሳልጠይቅ የእድገቱ መለኪያ አደረግሁት።

ይህ ስሕተት ከእኔ ጋር የተጀመረ አይደለም። በሲሙሌሽኑ ውስጥ ያለው በር የተቀዳው ከእውነተኛ ሕግ ነው። የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር በ1983 እ.ኤ.አ. ያጸደቀውና በ1986 ሥራ ላይ የዋለው «ፕሮፖዚሽን 48» አዲስ ገቢ ስፖርተኛ በ11 መሠረታዊ ትምህርቶች 2.0 አማካይ ነጥብ፣ በኤስኤቲ ፈተና ደግሞ 700 እንዲያመጣ ይጠይቅ ነበር። በጥር 1989 ማኅበሩ ሕጉን በ«ፕሮፖዚሽን 42» ሲያጠብቀው የጆርጅታውን አሠልጣኝ ጆን ቶምፕሰን ከቦስተን ኮሌጅ ጋር ጨዋታ ሊጀመር ሲል ሜዳውን ለቅቀው ወጡ። ተቃውሟቸው ፈተናው የድኾችንና የጥቁሮችን ልጆች አቅም ሳይሆን ያደጉበትን ሁኔታ ይለካል የሚል ነበር። ማኅበሩ የመግቢያ ፈተናውን ከመስፈርትነት ያወጣው በ2023 ነው።

እኛም ዘንድ በሩ ጠባብ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከበሩ ውጭ የቀሩትን ሁሉ «መማር የማይችሉ» ማለት ግን እኔ ካርድ አይቼ ከፈረድሁት ፍርድ የተለየ አይሆንም።

ታዲያ ትምህርትና የሜዳ እድገት አይገናኙም? ይገናኛሉ፤ የሚያገናኛቸው ግን ነጥብ አይደለም። በስዊድን ቶርቢዮርን ቬስትበርግና ባልደረቦቹ በ2012 ባሳተሙት ጥናት በከፍተኛው ዲቪዚዮን የሚጫወቱ እግር ኳሰኞች ዕቅድንና ፈጣን ውሳኔን በሚመለከቱ የአእምሮ ፈተናዎች ከታችኛው ዲቪዚዮን ተጫዋቾች በልጠው ተገኝተዋል። በኔዘርላንድስ ላውራ ዮንከርና ባልደረቦቿ ወጣት ስፖርተኞችን አጥንተው በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚወዳደሩትን በአገር አቀፍ ደረጃ ካሉት የሚለያቸው አንዱ ነገር መለስ ብሎ የራስን ሥራ የመመርመር ልማድ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ ልማድ ለሒሳብ ደብተርም ለቅርጫት ኳስም ይጠቅማል። በእኔ ሜዳ ይህን ልማድ በግልጽ ያየሁት ጠጠርና ቆርኪ በደረደረው ልጅ ላይ ነበር፤ በካርዱ ላይ ግን ዓምድ የለውም፤ በሲሙሌሽኑም ውስጥ እንደዚያው።

ይህን ስል ግብሩን አልክድም። የልጁ እናት አንድ ቀን ወደ ሜዳው መጥተው «መምህር፣ ይሄ ኳስ ልጄን ከስምንተኛ ያሳልፍልኛል? መቼ ያጥና?» አሉኝ። በኮምፒውተሩ ላይ ጥያቄው በሁለት ቁጥሮች መካከል ማሸጋሸግ ነው፤ በእሳቸው ቤት ግን የክልሉ ፈተና አንድ ጊዜ ነው፤ ከመሸ በኋላ ለጥናት የሚተርፈው ጊዜም አጭር ነው። ያሳልፈዋል ልላቸው አልቻልሁም። የማክሰኞና የሐሙስ ምሽት ልምምድን ሰርዤ ሁሉንም ወደ ቅዳሜ ጠዋት አዛወርሁት፤ ቡድናችንም በዚያ ዓመት ደከም ብሎ ታየ። አሁንም ትክክል ነበር እላለሁ።

ካርድ መጠየቅ ትቻለሁ። በምትኩ ከልምምድ በኋላ ዐሥር ደቂቃ እንቀመጣለን፤ እያንዳንዱ ልጅ በሚቀናው ቋንቋ ዛሬ የት እንደተሳሳተና ለምን እንደሆነ ይናገራል፤ የማልሰማውን ጓደኞቹ ይተረጉሙልኛል። እኔም የራሴን ስሕተት እናገራለሁ። ስለ ታዳጊ ስፖርተኞች የምናጠና ሰዎች የትምህርት ውጤትን እንደ ተለዋዋጭ ስንወስድ ቁጥሩ ምን እንደለካ አስቀድመን ብንጠይቅ መልካም ነው። በተለይ እንደ ፉሪ ሁለት ቋንቋ በአንድ ግቢ በሚነገርበት ቦታ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ልጁ ስንት አመጣ?» ሳይሆን «በየትኛው ቋንቋ ተጠየቀ?» የሚለው ሊሆን ይገባል።