ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

ለንደንን ሊያይ የመጣ ዘመድ ወይም ወዳጅ ሲገጥመን አብዛኞቻችን የምንወስደው ወደታወቁት ሥፍራዎች ነው። ወደ ቤተ መንግሥቱ፣ ወደ ትልቁ ሰዓት፣ ወደ ታወር ድልድይ። ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ለአገር ቤት ይላካል፣ በዚያው ያበቃል። እኔ ዛሬ አንባቢን ይዤ የምዞረው ግን ከዚያ ሁሉ ወደ ምሥራቅ፣ ዋይትቻፕል ወደሚባለው የስደተኞች ሠፈር ነው። የምንከተለውም የንጉሥ ወይም የጦር አዝማች ዱካ ሳይሆን የሁለት ውሾችን ዱካ ነው።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1888 ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። በአገራችን ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከመውደቃቸው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። እዚህ ንግሥት ቪክቶሪያ ከነገሡ ከ50 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የዓለም ሀብት በቴምዝ ወንዝ ወደቦች ይራገፋል፤ ከወደቡ ጥቂት እልፍ ብሎ ያለው የምሥራቅ ለንደን ሕዝብ ግን በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ተጠቅጥቆ ይኖራል፤ ለአንድ ሌሊት አልጋ የሚሆን አራት ሳንቲም ያጣ ጎዳና ላይ ያድራል።

ከዋይትቻፕል ባቡር ጣቢያ ስትወጡ ከፊት ለፊት ገበያው ይቀበላችኋል። የቤንጋሊዎቹ ዓሣ፣ በርበሬና ሻሽ በየድንኳኑ ተዘርግቷል። ወደ ጣቢያው ጀርባ ዞር ካላችሁ ደርዋርድ የሚባል መንገድ አለ፤ በዚያን ጊዜ ስሙ ባክስ ሮው ነበር። ነሐሴ 31 ቀን ሊነጋጋ ሲል ወደ ሥራ የሚሄድ ጋሪ ነጂ ሜሪ አን ኒኮልስ የተባለችውን ሴት ታርዳ ያገኘው እዚህ ነው። መስከረም 8 ቀን በሃንበሪ መንገድ አኒ ቻፕማን ተገደለች። መስከረም 30 ደግሞ በአንድ ሌሊት ሁለት ሴቶች፣ ኤልዛቤት ስትራይድና ካትሪን ኤዶውስ ተገደሉ። ገዳዩ አልተያዘም። ዛሬም ማን እንደነበረ አይታወቅም። በየምሽቱ አስጎብኚዎች ቱሪስት ሰብስበው ስለ ገዳዩ በደስታ ሲተርኩ ይሰማል፤ ስለ ሟቾቹ ድህነት የሚናገረው ጥቂቱ ነው።

ጋዜጦች በፖሊስ ላይ ተነሡበት። ፖሊስ ዓይን የለውም ካላችሁ አፍንጫ ይበደር የሚሉ ደብዳቤዎችም ታተሙ። ሐሳቡ ብለድሃውንድ የተባለውን ዘር፣ ጆሮው የተንዘረፈፈ፣ ቆዳው ግንባሩ ላይ የተሸበሸበ ትልቅ አነፍናፊ ውሻ ማምጣት ነው። ስሙ ‹ደም› የሚል ስላለበት ሰው ይፈራዋል እንጂ ጠባዩስ ገራም ነው፤ የተከተለውን ሰው ቢደርስበት ከመንከስ ይልቅ ቢልሰው ይቀለዋል።

ሐሳቡ ከባዶ የመጣ አልነበረም። ከ12 ዓመት በፊት፣ በ1876፣ ብላክበርን በተባለች የሰሜን እንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ አንዲት የ7 ዓመት ሕፃን ተገድላ ነበር። ፖሊስ ዊልያም ፊሽ የተባለውን ፀጉር አስተካካይ ቢጠረጥርም ማስረጃ አላገኘም። በመጨረሻ ሞርጋን የተባለ ከዚሁ ዘር የተዳቀለ ውሻ ወደ ሰውየው ቤት ገባ፤ ከምድጃው ዘንድ ሲደርስ አልነቃነቅም አለ። የጭስ ማውጫው ሲፈተሽ የሕፃኗ አጽም ቅሪት ተገኘ። ሰውየው አመነ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ተሰቀለ። ከዚያ ወዲህ ‹ውሻው ያውቃል› የሚለው እምነት በእንግሊዝ ሕዝብ ልብ ውስጥ ቀረ።

የለንደን ፖሊስ ኮሚሽነር ሰር ቻርልስ ዋረን ይባላሉ። የጦር መሐንዲስ ናቸው። በ1867 ኢየሩሳሌም ሄደው ከቤተ መቅደሱ ተራራ ሥር ጉድጓድ ያስቆፈሩት እኚሁ ሰው ናቸው። በ1887 ደግሞ በትራፋልጋር አደባባይ የተሰበሰበውን ሥራ አጥ በፈረሰኛ ስላስበተኑ የድኻው ጋዜጣ አይወዳቸውም። ስካርብሮ ከምትባል የባሕር ዳር ከተማ አጠገብ ውሻ የሚያረቡ ኤድዊን ብሩ የተባሉ ሰው ነበሩና ተጠርተው ሁለት ውሾች ይዘው መጡ። ስማቸው ባርናቢና በርጎ ነው።

ውሾቹ የተፈተኑበትን ሥፍራ ለማየት ሪጀንት ፓርክ በማለዳ ሄጄ ነበር። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ሣሩ ጤዛ አዝሏል፣ ከሩጫ ወዳዶችና ከዝይ በቀር ሰው የለም። ጥቅምት 8 ቀን 1888 ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ ይህ ሣር አመዳይ ለብሶ ነበር። አንድ ሰው 15 ደቂቃ ቀድሞ እንዲሄድ ተደረገ፤ ውሾቹ ተለቀቁና ወደ አንድ ማይል ያህል ተከተሉት። ማታ በጨለማ፣ በሃይድ ፓርክ፣ በገመድ ታስረው ሞከሩ። በማግሥቱ ጧት ስድስት ጊዜ ተደገመ፤ ሁለቱን ጊዜ የታደኑት ሰው ኮሚሽነሩ ራሳቸው ናቸው። ሰው ዱካውን ሲያቋርጥ ውሾቹ ለጊዜው ይደናገሩና አንዱ ወይም ሌላው መልሶ ያገኘዋል።

ጋዜጦቹ ሳቁ። የለንደን የፖሊስ አዛዥ ከውሻ ሲሸሽ! እኔ ግን አልሳቅሁም። ባለሥልጣን ራሱን በታዳኝ ቦታ አቁሞ የሚሞክርበት ጊዜ ስንት ነው?

ችግሩ ሌላ ነው። ፓርኩ ፓርክ ነው፤ ዋይትቻፕል ዋይትቻፕል ነው። ሰው ሲሄድ ከቆዳው ዓይን የማያየው ብናኝ እየረገፈ ይቀራል፤ ከላቡ ጋር ሆኖ የዚያን ሰው ጠረን ይሠራል። እርጥብ ሣርና አፈር ጠረኑን ይይዛል። ደረቅ ድንጋይ፣ ፀሐይና ነፋስ ያጠፋዋል። ውሻ ዱካ ለመያዝ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ የሚፈለገው ሰው የነካውን ነገር አሽትቶ መነሣት፣ ከዚያም በሺህ የሚቆጠር እግር ሳይረግጠው መድረስ። በምሥራቅ ለንደን ድንጋይ መንገድ ላይ ገና ሳይነጋ የወደብ ሠራተኛው፣ ዓሣ ሻጩ፣ ጋሪው፣ ፈረሱ ይርመሰመሳል። በቅጽበት ካልተደረሰ ዱካው የሁሉም ይሆናል፤ የሁሉም የሆነ ዱካ ደግሞ የማንም አይደለም።

የውሻ አፍንጫ ነገር ለእኛ ለስደተኞች እንግዳ አይደለም። በአውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ስንጠብቅ ያ ትንሽ ውሻ እያሸተተ ሲመጣ በርበሬውንና ንጥር ቅቤውን የያዘች እናት ልቧ ድው ድው ይላል። ውሻው ሕግ አያውቅም፤ ያወቀው ጠረን ብቻ ነው። ትርጉሙን የሚሰጠው ገመዱን የያዘው ሰው ነው።

ይህን በልባችሁ ይዛችሁ ወደ ጉልስተን መንገድ ተከተሉኝ። መስከረም 30 ሌሊት ገዳዩ ኤዶውስን ማይተር በተባለው አደባባይ ገድሎ ሲሄድ ከሽርጧ ቆርጦ ወስዶ ነበር። ያ በደም የራሰ ቁራጭ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን ሲል በዚህ መንገድ፣ በአንድ የኪራይ ቤት ደጃፍ ላይ ተገኘ። ከአደባባዩ እስከዚህ በእግሬ ሄድሁት፤ አሥር ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በዚያ መከራ ሁሉ ገዳዩ በመንገዱ ላይ ጥሎት የሄደው ግልጽ ምልክት ይህ ነበር፤ ሌሊቱ ጭር ያለ ነው፣ መነሻውም መድረሻውም ታውቋል። ውሻ የሚያስፈልገው ያን ሰዓት ነበር። ውሾቹ ግን ገና ስካርብሮ ናቸው።

ከቁራጩ በላይ ግድግዳው ላይ በጠመኔ የተጻፈ፣ አይሁዶችን የሚያነሣ ጽሑፍ ነበር። ማን እንደጻፈው አይታወቅም። በዚያ ሠፈር ከ1881 ጀምሮ በሩሲያ ግዛት ከደረሰባቸው ጭፍጨፋ የሸሹ አይሁድ በብዛት ሠፍረዋል፤ ልብስ ይሰፋሉ፣ ጫማ ይሠራሉ፣ ቋንቋቸው ሌላ ነው። ግድያው እንደተጀመረ ‹እንግሊዛዊ ይህን አያደርግም፣ የባዕድ ሥራ ነው› ተብሎ በየመንገዱ ይሰደቡ፣ ይደበደቡ ነበር። ‹የቆዳ ሽርጥ› በሚል ቅጽል ስም የተጠረጠረ አንድ አይሁዳዊ ጫማ ሠሪ ታስሮ ነበር፤ በግድያው ሌሊት ሌላ ሠፈር ከፖሊስ ጋር ሲነጋገር እንደነበረ ስለተረጋገጠ ተለቀቀ። ዋረን ሊነጋጋ ሲል ራሳቸው መጥተው፣ ሕዝቡ ጽሑፉን አይቶ በአይሁዶች ላይ እንዳይነሣ ሲሉ ፎቶግራፍ ሳይነሣ አስጠፉት። ማስረጃ አጠፉ ተብለው እስከ ዛሬ ይወቀሳሉ። አንባቢ ይፍረድ። እኔ እንደ አንድ ባዕድ ከዚያ ደጃፍ ቆሜ ሳስበው፣ ገበያተኛው ከመውጣቱ በፊት የዚያን ጠመኔ ጽሑፍ ባስጠፋው እጅ ላይ ድንጋይ ለማንሣት አልቸኩልም።

እኛም አገር ሌባ ሻይ የሚባል ነበር። ልጁ መድኃኒት ይጠጣል፣ ወገቡን በገመድ ይያዛል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ስንቱ ንጹሕ ሰው ዕዳ ከፍሎ ይሆን! በመጨረሻ በአዋጅ ተከለከለ። ብለድሃውንድ ከሌባ ሻይ የሚለየው አፍንጫው እውነተኛ በመሆኑ ነው፤ የሚመሳሰሉት ግን አንድ ቦታ አለ። ሕዝቡ አስቀድሞ የሚጠላው ቤት ካለ፣ በገመድ የተያዘ ማናቸውም ነገር በዚያ ቤት በኩል ሲያልፍ መሳቱ አደጋ ነው።

የመጨረሻው ሥፍራ የለም። ዶርሴት መንገድ ከስፒታልፊልድስ ቤተ ክርስቲያን ትይዩ ነበር፤ ቀስ በቀስ ፈርሶ ዛሬ በላዩ ሕንፃ ቆሟል። ኅዳር 9 ቀን 1888 ጧት የቤት ኪራይ ሊጠይቅ የሄደ ሰው በመስኮት አጮልቆ የሜሪ ኬሊን ሬሳ አየ። ፖሊስ መጣ፤ ዶክተር መጣ። ነገር ግን ውሾቹ ሳይመጡ ማንም እንዳይነካ የሚል ትእዛዝ ነበርና በሩ ሳይከፈት ወደ ሁለት ሰዓት ያህል ቆሙ። ውሾቹ አልመጡም። በርጎ ቀደም ብሎ ወደ ብራይተን የውሻ ትርኢት ተልኮ ነበር። ባርናቢ ለንደን ቀርቶ ነበር፤ ባለቤቱ ግን ፖሊስ እንደሚገዛው ወይም ኢንሹራንስ እንደሚገባለት ቁርጥ ያለ ቃል ስላጡ፣ ወንጀለኞች እንዳይመርዙትም ስለሰጉ አስመልሰው ወሰዱት። ይህን በበሩ ላይ የቆሙት መኮንኖች አልሰሙም። ትእዛዙን የሰጡት ዋረንም በዋዜማው የሥራ መልቀቂያቸውን አቅርበው ነበር። ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተሰብሮ ተገባ።

አገራችን ‹ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ› ይላል። እዚህ የሆነው ከዚያም የከፋ ነው፤ ጅቡም ሄደ፣ ውሻውም አልጮኸ። ጥፋቱ የባርናቢ አይደለም፤ ቃል ሰጥቶ ወጪውን የሚሸፍን ሰው ስለጠፋ ነው። የለንደን ፖሊስ የራሱን የውሻ ክፍል ያቋቋመው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1946 ነው።

ሠፈሩን ለማየት የምትሄዱ ከሆነ ብሪክ ሌን ሳትደርሱ አትመለሱ። በጥጉ አንድ ጡብ ሕንፃ አለ። በ1743 ከፈረንሳይ ተሰደው የመጡ ፕሮቴስታንቶች ቤተ ክርስቲያን አድርገው ሠሩት፤ በ1898 አይሁድ ምኩራብ አደረጉት፤ ከ1976 ጀምሮ ደግሞ የቤንጋሊዎቹ መስጊድ ነው። በየዘመኑ ጣት የተቀሰረባቸው ባዕዳን በተራ የጸለዩበት ቤት ነው። ደጃፉ ላይ ቆማችሁ የሚገባና የሚወጣውን ተመልከቱ። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ መግቢያ አይከፈልበትም።