የሁለት ደቂቃ ሥራ፣ የዓመት ዕዳ

በሠርግ ወቅት አዲስ አበባ ውስጥ ወደ አንዱ አዳራሽ ጎራ ያለ ሰው ይህን ያያል። ሙሽሮቹ ከመኪና ሳይወርዱ ሦስት አራት ወጣቶች ካሜራ አንግተው፣ ፊታቸውን ወደ ሙሽሮቹ አዙረው፣ የኋሊት እየተራመዱ ይሻማሉ። ዓይን ሁሉ ሙሽራዋ ላይ ነው። በመቶ ሺዎች ብር የሚገመተውን ዕቃ ከመሬት የሚለየው አንድ ጥብጣብና ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ዘለበት መሆኑን ልብ የሚል የለም።

ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል። ግን አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ካሜራ ደግሞ እዚህ አይመረትም። ያኔ አንድ ሌንስ ይገዛ የነበረ ብር ዛሬ ግማሹንም ላይሸፍን ይችላል። ለአንድ ወጣት ባለሙያ ካሜራ መጣል ማለት ከሥራ መውጣት ማለት ነው።

በዚያ ላይ ካሜራውን ያነገተው ወጣት ብዙ ጊዜ ባለቤቱ አይደለም። ወይ መታወቂያ አስይዞ ለቀን የተከራየው ነው፣ ወይ በቀን ክፍያ የሚሠራ የፎቶ ቤት ረዳት ነው። ካሜራው ሲወድቅ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ «በማን እጅ ነበር?» «ማንገቻውን ማን አሰረው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። መቅደም የነበረበት ግን ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ማንገቻ ሲመረጥ ሰው የሚያየው ጥብጣቡን ነው፤ ቆዳ ነው ወይስ ናይለን፣ ያምራል ወይስ አያምርም፣ የማን ስም ተጽፎበታል። ጥብጣቡ ግን የሚበጠሰው ከስንት አንዴ ነው። የሚከዳው ከካሜራው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ካኖን 5ዲ ማርክ 4 ከ24-70 ኤፍ 2.8 ሌንሱ ጋር 1.7 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ በ70-200 ሌንስ ሲቀየር ወደ 2.4 ኪሎ ይጠጋል። ያ ክብደት ዝም ብሎ አይንጠለጠልም። ባለሙያው ሲሮጥ፣ ሲንበረከክ፣ ከጨፋሪው ጋር ሲገፋፋ ቀኑን ሙሉ መገናኛውን ይነቀንቀዋል።

ከካሜራው ጋር በሚመጣው ማንገቻ ላይ የሚታየው ስህተት የተለመደ ነው። ጫፉ በካሜራው ጆሮ ያልፋል፣ በዘለበቱ እንደነገሩ ይገባል፣ ሁለት ሣንቲ ሜትር የማትሞላ ጭራ ወደ ውጭ ወጥታ ትቀራለች። ያቺ ጭራ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ትሸሻለች፤ አንድ ቀን ታልቃለች።

ትክክለኛው አሠራር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መጀመሪያ ዘለበቱ ውስጥ ያለው ጥብጣብ ላላ ይደረጋል። ጫፉ በትንሿ ማቀፊያ ውስጥ ካለፈ በኋላ ከውጭ ወደ ውስጥ በካሜራው ጆሮ ይገባል። ታጥፎ ተመልሶ እንደገና በማቀፊያዋ ያልፋል። ከዚያ ዘለበቱ ውስጥ ካለው ጥብጣብ ሥር ገብቶ በሁለቱም ቀዳዳ ይወጣል። የተረፈው ጫፍ ቢያንስ አምስት ሣንቲ ሜትር ሆኖ በሁለቱ ንብርብር መሃል ተደብቆ ይቀራል። ክብደት በጎተተው ቁጥር ንብርብሩ ይበልጥ ይጠብቃል። ጃፓኖች ይህን የዜና ፎቶ አንሺዎች አስተሳሰር በኒኮን ስም ይጠሩታል። በመጨረሻም ካሜራው ፍራሽ ወይም ሶፋ ላይ ተይዞ ሁለቱም ወገን በኃይል ይጎተታል። የሚንሸራተት ከሆነ እዚያው ይንሸራተት።

ሌሎቹም ዓይነቶች የየራሳቸው ድክመት አላቸው። እንደ ቁልፍ መያዣ ያለ የብረት ቀለበት የሚጠቀሙ ካሜራዎች ላይ መታየት ያለበት የቀለበቱ አፍ ነው፤ ከተከፈተ ወይም ከሳሳ ቀለበቱ ይቀየራል። ቶሎ የሚፈታ ማያያዣ ለሚጠቀም ደግሞ ፍተሻው ገመዷ ላይ ነው። የፒክ ዲዛይን ማያያዣ ገመድ ሲያልቅ ከጥቁሩ ሥር ሌላ ቀለም ይወጣል፤ ያ ቀለም ከታየ መጣል እንጂ «ለዛሬ ብቻ» ማለት አያዋጣም።

በካሜራው ሆድ፣ በትራይፖዱ ቀዳዳ የሚታሰረው ማንገቻ ለሩጫ ይመቻል። ነገር ግን ሙሉው ክብደት ያረፈው በአንዲት የሩብ ኢንች ብሎን ላይ ነው፤ ብሎን ደግሞ በንቅናቄ ይላላል። ስለዚህ ጎማዋ ሳትጠፋ፣ በየእረፍቱ እየጠበቀ፣ ከካሜራው ጆሮ ጋር ሁለተኛ የመጠባበቂያ ገመድ ተጨምሮበት ነው መሥራት ያለበት።

ምርጫውን የሚወስነው ሥራው ነው። ለሙሉ ቀን ሠርግ ሰፋ ያለ፣ የማያንሸራትት፣ ከትከሻ ወደ ጎን በደረት ላይ የሚያልፍ ማንገቻ አንገትን ያድናል። ጃንሜዳ ለጥምቀት ወይም መስቀል አደባባይ ለደመራ ሕዝብ መሃል ለሚገባ ሰው አንገት ላይ የተንጠለጠለ ገመድ በግፊያ ሊይዝና ሊያንቅ ይችላል፤ እጅ ላይ የሚጠመጠመው አጭሩ ይሻላል። በጎን ማንገት ነጥቆ ለሚሮጥ ሌባ አይመችም፤ በሞተር ሳይክል የሚነጥቅ ከሆነ ግን ሰውየውንም አብሮ ሊጎትት ይችላል። በትልልቅ ፊደል የተጻፈው የካሜራው ስምም ለሌባ ማስታወቂያ ነው፤ ብዙ ባለሙያዎች በጥቁር ፕላስተር የሚሸፍኑት ለዚህ ነው። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ካሜራ ማንገቻም ወደ ታች መንጠልጠል የለበትም፤ የሕፃን እጅ ወይም የአስተናጋጅ ክንድ ይበቃዋል።

ነገሩ የልምድ ማነስ ብቻ ነው የሚል ካለ፣ ማይክል ኮሊንስ በሐምሌ 1966 እ.ኤ.አ. ከጀሚኒ 10 ወጥቶ ሕዋ ላይ ሲሠራ ሀሰልብላድ ካሜራው አምልጦት እዚያው ቀርቷል። ለዝግጅቱ ስንት የሠለጠነ ሰው እንደደከመበት ማሰብ ነው።

ወደ ዕዳው እንመለስ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በስተቀር አሠሪ ከደመወዝ ላይ እንዳይቆርጥ ይከለክላል። ቢቆረጥ እንኳ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። የሠርግ ረዳት ግን ብዙውን ጊዜ የጽሑፍ ውል የለውም። ስለዚህ ቅጣቱን የሚወስነው አዋጁ ሳይሆን የባለቤቱ ንዴት ይሆናል። ልጁ ለወራት በነፃ ይሠራል፣ ወይም ስልኩን ዘግቶ ይጠፋል። ሁለቱም ለማንም አልበጁም።

ባለቤቶችም እውነት አላቸው። ቸልተኛ ረዳት አለ፤ ካሜራ በአንድ ጣት አንጠልጥሎ ስልክ የሚያወራ አለ። እሱ የሠራውን ይክፈል። ነገር ግን ያለቀ ማንገቻ ያለበትን ካሜራ አስረክቦ፣ ሲወድቅ ሙሉ ዋጋውን ከተረካቢው መጠየቅ ፍትሕ አይደለም። ጥፋቱ ርክክቡ ላይ ነበር።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና መፍትሔው ቀላል ነው። አከራይም ሆነ ፎቶ ቤት ካሜራ ሲያስረክብ የካሜራውን ቁጥር፣ ሌንሱን፣ ባትሪውንና ቻርጀሩን ይመዘግባል። እዚያው ወረቀት ላይ አንድ መስመር ትጨመር፦ «ማንገቻው በሁለቱም ወገን ተጎትቶ ተፈትሿል።» ከሥሯ ሁለት ፊርማ። ባለቤቱ ሳይጎትት አይስጥ፣ ተረካቢውም ሳይጎትት አይቀበል። ከዚያ በኋላ ካሜራ ቢወድቅ ማን ምን እንዳጎደለ ወረቀቱ ይናገራል፤ ዕዳውም ሁልጊዜ ታናሹ ጫንቃ ላይ አይወድቅም።