ከጀፎሮው ጀርባ ያለው ዝምታ

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወጥታችሁ ወልቂጤን ካለፋችሁ በኋላ ወደ ሰባት ቤት ጉራጌ መንደሮች ጎራ በሉ። በቤቶቹ ፊት የተዘረጋውን ሰፊ፣ ሣር የለበሰ ጀፎሮ ስታዩ፣ «እዚህ ብቸኛ ሰው አይኖርም» ትሉ ይሆናል። ሰርጉም ለቅሶውም በጋራ ነውና።

ነገር ግን ልብ የራሱ ጓዳ አለው። በዘቢዳር ተራራ አቅራቢያ ባለችው በቡታጅራ አካባቢ ዶክተር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ጥናት አካሂደው በ1999 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ከተጠየቁት 10,468 አዋቂዎች መካከል ከመቶ 3.2 የሚሆኑት በሕይወታቸው ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው እንደነበር ተናግረዋል። በብዛት የተጠቀሱት ምክንያቶች የትዳር ጠብና የቤተሰብ ግጭት ነበሩ። ባለትዳሮች ሆይ፣ ነገሩ የሐኪም ብቻ ሳይሆን የማዕዳችንም ጉዳይ መሆኑን ታያላችሁ?

ታዲያ ምን እናድርግ? «ስለዚህ ነገር ከጠየቅነው ሐሳቡን እንሰጠዋለን» ብለው የሚፈሩ አሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ በፍቅርና በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ ይልቁንም ሸክሙን ያቀላል። ቀድሞ የሞከረ ሰው አደጋው ይበልጥበታልና «አለፈለት» ብላችሁ አትዘናጉ። የእርሻ ፀረ ተባይ በቤታችሁ ካለ ቆልፉበት። የተጨነቀውን ሰው ብቻውን አትተዉት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል አብራችሁት ሂዱ። የመንፈስ ጭንቀት ሕክምና አለው። በዚያው በጉራጌ ምድር በሶዶ ወረዳ፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ሠልጥነው የአእምሮ ሕሙማንን በቅርብ ረድተዋል።

«እምነት ቢኖርህ እንዲህ አትሆንም ነበር» አትበሉትም። ነቢዩ ኤልያስ ሞትን በለመነ ጊዜ መጀመሪያ የተሰጠው ተግሣጽ ሳይሆን እንቅልፍ፣ እንጎቻና ውኃ ነበር። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም፤ ሁለቱንም ያዙ።

መስቀል ሲቃረብ በየከተማው የተበተኑ ልጆች ወደ ጉራጌ ይመለሳሉ። ሥራ ያልቀናው ግን በባዶ እጁ መግባት ያፍራል። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ደጅ ሲደርስ ምን ይዞ እንደ መጣ ሳይሆን እንዴት እንደ ከረመ ጠይቁት። የቀረም ካለ ደውሉለት፤ «አንተው ትበቃናለህ፤ ና» በሉት።