ጊደር፣ እቁብና 18 ዓመት

እኛ ዘንድ ልጅ ለአካለ መጠን የሚደርስበት የተቆረጠ በዓል የለም። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ይነሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ዘመድ አዝማድ ተጠራርቶ ድንኳን የሚጣልላቸው ሲዳሩ ነው። ስለዚህ የወላጆቻችን ትውልድ ሴት ልጅን «ደረሰች» ሲል ለጋብቻ ደረሰች ማለቱ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት የጋብቻ ዕድሜን 15 ዓመት አድርጎት ነበር፤ ለወንዱም ለሴቷም 18 ያደረገው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው።

አርካዊት ስንኖር የመጀመሪያ ልጃችን በግንቦት 2014 ዓ.ም. 18 ሊሞላት ሆነ። ሳትዳር እንዴት ደረሰች እንበላት? በወግ ያለ ነገር ስላልነበረን፣ ዘመድና ጎረቤት ጠርተን ለማስመረቅ ተስማማን።

መጀመሪያ ያስቸገረን ቀኑ ነው። ካርቱም ሁሉም የሚያርፈው ጁምዓ ነው፤ ለእኛ ደግሞ ዓርብ ጾም ነው። እሑድ ብንል ሱቁ ክፍት ነው፤ በሰው ቤት የሚሠሩት እህቶቻችንም አይለቀቁም። ያወጣን በዓለ ሃምሳ ነው፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ አይጾምምና። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተደራርበው ነበር። ፋሲካ ሚያዝያ 16፣ ኢድ ሚያዝያ 24 ዋለ። ግንቦት 5 ቀን ዓርብ እኛም ጎረቤቶቻችንም የምንበላበት ቀን ሆነ።

ቀጥሎ ሥጋው መጣ። ድንበር ተሻግሮ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሁለት በግ ይገዛል፣ አንዱን እኛ እንባርካለን፣ ሌላውን ሙስሊም ጎረቤት ያርዳል፣ ድስቱም ጭልፋውም ይለያል። የሙስሊሞቹን ወጥ የሠሩልን በግድግዳ የምንዋሰናቸው ሱዳናዊት ሐጃ ናቸው። ከኦምዱርማን ሞረዳ የመጣው ዓሣ ግን የሁሉም ነበር፤ ማን አረደው የሚባልበት ነገር የለውም። እንጀራውና ኪስራው ጎን ለጎን፣ ብርዙና ከርከዴው ጎን ለጎን ቀረቡ። ቡናው በሁለት ጀበና ተፈላ፤ የእነሱ ዝንጅብል ነበረበት።

አያቷ ከጎንደር በመተማ በኩል መጡ። ይዘውልን የመጡት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ስጦታ ነው፤ ደንቢያ ያለ አጎቷ ቤት የምታድግ አንዲት ጊደር። ሁለተኛው የጋብቻ ጥያቄ ነው። «ደህና ቤት ነው፤ አጥንታቸውን አውቀዋለሁ። እኔ በእሷ ዕድሜ ሁለት ወልጄ ነበር» አሉን። ጊደሯ የትዳሯ መቋቋሚያ መጀመሪያ እንድትሆን አስበው እንደነበር ያኔ ገባን። እምቢ ብንል እናትን ማሳፈር ነው፤ እሺ ብንል ልጃችንን ሳንጠይቅ መስጠት ነው።

ምሳው ተበልቶ ቡናው ሲቀጥል ነገሩ በዘመድ ፊት ተነሳ። የእቁባችን ዳኛ ሽማግሌ ናቸው፤ «ዛሬ ደረሰች ብለን የለም ወይ የተሰበሰብነው? እንግዲያው እሷው ትናገር» አሉ። ልጃችን ተነስታ፣ «እማምዬ፣ ትዳሩን ጠልቼው አይደለም። መጀመሪያ ግን በእናትና በአባቴ ስም ሳይሆን በራሴ ስም እቁብ ልግባ» አለች። ዳኛው ሳቁና፣ «ዋስ አለሽ? ካንድ ቤት ዋስ አንቀበልም» አሏት። ያ ደንባችን ነው፤ የቤተሰቡ ሱቅ ሲከስር ዋሱም አብሮ ይከስራልና።

ቤቱ ጸጥ አለ። አያቷ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «እኔ እዚህ ቤት አይደለሁም፤ ከጎንደር ነኝ። ጊደሯ ትዋሳት» አሉ። ጋብቻውን ከዚያ በኋላ አላነሱትም። ምርቃቱንም የጀመሩት እሳቸው ናቸው፤ ሐጃም በዐረብኛ ተቀበሏቸው።

እቁቡ በ20 ሰው በሰኔ ተጀመረ። እጣው ለልጃችን በአራተኛው ወር ወጣላት። በገንዘቡ ከመተማ ቡና አስመጥታ አርካዊት ላሉ ሻይና ቡና ሻጮች ታከፋፍል ጀመር፤ ወርሃዊ መዋጮዋንም ከዚያ ትከፍል ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የቅዳም ሥዑር ዕለት፣ ጦርነቱ ተጀመረ። 10 ሰው ወስዶ 10 ሰው ቀርቶ ነበር። እኛ በገዳሪፍ አድርገን መተማ ገባን፤ የእቁቡ ሰው በየአገሩ ተበተነ።

ከወሰዱት መካከል «እቁቡ ከካርቱም ጋር ቀረ» ያሉ ነበሩ። ልጃችን ግን ዕዳዋን ቆጠረች፤ ላልወሰዱት 10 ሰዎች አንድ አንድ መዋጮ። የሱዳን ፓውንድ እየወደቀ ስለነበር ዳኛው በስልክ ፈረዱ፤ በመጋቢት በነበረው የመተማ ምንዛሪ በብር ይታሰብ አሉ። ጊደሯ ያኔ ወልዳ ላም ሆና ነበር። አያቷ፣ «ዋስ የሆነችው ለዚህ ቀን አይደል? ጥጃዋን አስቀሩና ላሚቱን ሽጡ» አሉ። ሰባቱን በስልክ አፈላልጋ ከፈለቻቸው። ሦስቱ ገና አልተገኙም፤ ድርሻቸው በስማቸው ተጽፎ ተቀምጧል።

ይህን የምንጽፈው ብዙዎቻችሁ ከአገር ውጭ ልጅ ስለምታሳድጉ ነው። 18 የሞላው ልጅ ኬክ ተቆርጦለት ፎቶ ቢነሳ ደስ ይላል። መድረሱ ግን የሚታወቀው በራሱ ስም የሚጠየቅበት ነገር ሲኖረው ነው፤ እቁብ ይሁን፣ እድር ይሁን፣ የሱቁ ደብተር ይሁን። ዘመድ የሚጠራውም ለመብላት ብቻ አይደለም፤ ቃሉን ሰምቶ ነገ እንዲጠይቀው ነው። ዋሱም ከቤታችሁ ውጭ ያለ ሰው ይሁን። ያን ጊዜ ልጁ የሚያስበው እናትና አባቱን ብቻ አይሆንም፤ የሚያሳፍረው ሰው ይበዛበታል፣ የሚቆምለትም ሰው እንዲሁ።

ታናሽ ወንድሟ በሚቀጥለው ዓመት 18 ይሞላዋል። ከአሁኑ አክስቱን ዋስ ሁኚኝ እያለ እየደወለ ነው፤ እሷም «መጀመሪያ ሥራህን ልይ» ብላዋለች።