ስንት ሰው ገባ?

ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ሰሞኑን አንዲት የድሮ ተማሪዬ ደወለችልኝ። በጦርነቱ ጊዜ ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች በሚያማክር ድርጅት ውስጥ ነው የምትሠራው። "ቲቸር፣ ድረ ገጽ እያሠራን ነው። ስንት ሰው እንደገባ የሚቆጥር ነፃ ነገር አለ፤ ረጂዎችም ቁጥር ይጠይቁናል። ብናስገባው ምን ችግር አለው?" አለችኝ።

መልሱን የማውቀው ከራሴ ጥፋት ነው።

ጥር 2015 የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ታስታውሳላችሁ፤ በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ያኔ ጥያቄና መልስ የማስቀምጥባት ትንሽ ድረ ገጽ ነበረችኝ። "ውጤት ላልመጣላችሁ" ብዬ አንድ ጽሑፍ ጨመርኩ። መቁጠሪያም ነበራት። አንድ ስልክ ያንን ጽሑፍ በሦስት ሌሊት ሰባት ጊዜ ከፈተው፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ። መቁጠሪያው ስም አይናገርም፤ የስልኩን ዓይነት ግን ይናገራል። ያንን ስልክ ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ክፍል ውስጥ ሲነካካ ቀምቼው ሳምንት መሳቢያዬ ውስጥ ከርሟል።

ልጁን መንገድ ላይ ሳገኘው ላጽናናው ብዬ "ሌሊት እንቅልፍ አጣህ አይደል? አይዞህ" አልኩት። ፊቱ ልውጥ አለ። "ማን ነገረዎት ቲቸር?" መልስ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ያ ስልክ ገጿን ከፍቷት አያውቅም።

ውርጌሳን ታውቋታላችሁ። ጠዋት ፋርማሲ የገባ ሰው፣ የገዛው ነገር ማታ ይወራል። ሰው ችግሩን ስልኩ ላይ የሚፈልገው ከዚህ ዓይን ሸሽቶ ነው።

የነዚህ ነፃ መቁጠሪያዎች አሠራር ቀላል ነው። ገጹ ውስጥ የሌላ ኩባንያ ኮድ ይቀመጣል። ገጹን ስትከፍቱ ስልካችሁ ለዚያ ኩባንያም የኢንተርኔት አድራሻችሁን፣ የስልካችሁን ዓይነትና የከፈታችሁትን ገጽ ይልካል። እንደ ጉግል አናሊቲክስ ያለው ደግሞ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ድረ ገጾች ላይ አለ። ክሊኒኩ በር ላይ ቆሞ የሚቆጥር ሰውዬ አስቡ፤ ያው ሰውዬ ባንኩም፣ ፋርማሲውም፣ ሱቁም በር ላይ ቆሟል።

በ2022 እ.ኤ.አ. የኦስትሪያና የፈረንሳይ ተቆጣጣሪዎች፣ በዚሁ አገልግሎት የሰው መረጃ ወደ አሜሪካ መሄዱ ሕግ ይጥሳል ብለው ወስነው ነበር። እኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃ በአዋጁ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ነው።

ቁጥር አያስፈልግም አላልኩም። ግን ሰርቨሩ ራሱ የተከፈተውን ገጽ ይመዘግባል፤ ከዚያ መቁጠር ይቻላል። ማቶሞን የመሰለ በራስ ሰርቨር ላይ የሚጫንም አለ። ይኼም ቢሆን የኔን ዓይነት ጥፋት አይከለክልም። እኔ ለደግ ብዬ አይቼ እንኳ አንድ ልጅ አሸማቀቅሁ። ስለዚህ ድምሩን ይያዙ፣ ዝርዝሩን ያጥፉ።

ለተማሪዬ ያልኳት ይህን ነው፦ ሱቅ የፈለገውን ያድርግ፤ "ምስጢርሽ እኛ ዘንድ ነው" የሚል ድርጅት ግን በሩ ላይ ሌላ ሰው አያቁም።

"ለረጂዎቹስ ምን ልበል?"

"ስንት ሴት እንደደወለችላችሁ ንገሯቸው። የደወለችው ፈቅዳ ነው የተቆጠረችው።"

አንተ ልጅ፣ ይህን ካነበብክ ይቅርታ አድርግልኝ። ማንበብህን የማውቅበት መንገድ የለኝም፤ እሱም ደግ ነው።