የጓዳችን ምርጫና የማሳው ጤንነት፦ ከሆለታ እስከ ባኮ

ምግብ ሲጣፍጥ የሚመሰገነው የባለሙያዋ እጅ ነው፤ ምስጋናውም ይገባታል። ይሁን እንጂ የሽሮው መዓዛ፣ የቅቤው ለዛና የእንጀራው ልስላሴ ከጓዳ በፊት በማሳ ላይ የተጀመሩ ናቸው። በገበያ ቀን ዘንቢላችንን አንጠልጥለን ወጥተን የምንገዛው ነገርም፣ ገበሬው በሚመጣው ክረምት ምን እንደሚዘራ ይነግረዋል። ሰው የማይገዛውን እህል ገበሬ ደጋግሞ አይዘራምና። ስለዚህ የጓዳ ምርጫ የማሳን ጤንነት ይነካል ማለት ነው። ይህን በቅርብ ለመመልከት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወስደውን መንገድ ይዘን በምዕራብ ሸዋ ከተሞች እንለፍ።

በቅድሚያ የምናገኛት ሆለታ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ደጋ ናት። የአካባቢው ሲሳይ ገብስ፣ ባቄላ፣ ድንችና ወተት ነው። ከሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት “ጃለኔ”፣ “ጉደኔ” እና “በለጠ” የተባሉት የድንች ዝርያዎች በብዙ ደጋ አገር የታወቁ ናቸው። የዘር ድንች ለስለስ ያለ ብርሃን በሚያገኝበት ቆጥ ላይ ሲቀመጥ አጭርና ጠንካራ ጎንቁል ያወጣል። ለምግብ የሚሆነው ድንች ግን ተቃራኒውን ይሻል። ብርሃን ያገኘው ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ ይመራል፣ ጤናም ይጎዳል። ስለዚህ ጨለማና ነፋሻ በሆነ ሥፍራ ይቀመጥ፤ አረንጓዴ የሆነውም ለወጥ አይግባ።

ከሆለታ አልፈን አዲስ ዓለም ስንደርስ ዓይናችን የሚያርፈው በባሕር ዛፍ ላይ ነው። አፄ ምኒልክ አዲስ ዓለምን ዋና ከተማ ለማድረግ ያሰቡት በአዲስ አበባ ማገዶ እየተመናመነ በመሄዱ ነበር። በኋላ ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ በአዲስ አበባ መስፋፋቱ ሐሳቡን ካስቀሩት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። የከተማን ዕድል የወሰነ ማገዶ የማሳንም ዕድል ይወስናል። እንጨት ሲጠፋ ኩበት ይነድዳል፤ ኩበት ሲነድድ ደግሞ መሬቱ ቀለቡን ያጣል። “ምርጥ” የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ያህል ይቀንሳል። ምድጃውን የለወጠች እመቤት ዓይኗን ከጢስ ከማዳኗም በላይ ለእርሻው ፍግ ታተርፋለች።

ወደ ግንጪ ስንዘልቅ መሬቱ መረሬ ይሆናል። በክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ጤፍ ያምርበታል። ክረምቱ ሲወጣም ገበሬው አፈሩ በያዘው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተርና ምስር በሥሮቻቸው እብጠት ውስጥ በሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት ናይትሮጂንን ከአየር ስለሚወስዱ፣ ከጤፍና ከስንዴ ጋር ሲፈራረቁ ለሚከተለው እህል መሬቱን ያዘጋጁለታል። የማዳበሪያ ወጪም ይቀልላል። ስንዴ በስንዴ ላይ ከዓመት ዓመት ሲዘራ ግን አረሙም በሽታውም ይበረታል። እንግዲህ ሽሮው፣ ንፍሮውና ስልጆው በመኮሮኒና በሩዝ ሲተኩ የሚጎድለው ትሪው ብቻ ሳይሆን ማሳውም ነው። ጓያ ግን ዋና ቀለብ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ከተበላ እግር ስለሚያሽመደምድ፣ የቤቱ መደበኛ ምግብ ሊሆን አይገባም።

ከአዲስ አበባ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አምቦ፣ በቀድሞ ስሟ ሀገረ ሕይወት፣ የምትታወቀው ጋዙን ይዞ ከመሬት በሚፈልቀው ማዕድናዊ ውሃዋ ነው። እኛ ግን በገበያዋ ውስጥ ኑግን እንፈልግ። ኑግ ክረምቱ ወጥቶ ማሳውን በቢጫ አበባ ሲያለብሰው ንቦች ይቀስሙታል። ንቦቹም ማር ሲሠሩ አበባውን እያዳቀሉ ፍሬውን ያበዙታል። ፍሬው ተጨምቆ ዘይት ይሆናል፤ የሚተርፈው ፋጉሎ ላሚቱን ይቀልባል። ላሚቱ ወተትና ቅቤ ትሰጣለች፤ እበቷም ወደ ማሳው ይመለሳል። ከታመነ ጨማቂ አንድ ጠርሙስ የኑግ ዘይት ስንገዛ ንቡንም፣ ላሚቱንም፣ ገበሬውንም እንረዳለን። በመርከብ ተጭኖ የሚመጣው የፓልም ዘይት ለመጥበሻ ይሆናል እንጂ የእኛ ንብ አይቀስመው፣ ፋጉሎው ለእኛ ላም አይደርስ።

ከአምቦ በስተደቡብ፣ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን የሚገኘውን ወንጪን የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል። ጎብኚው ሐይቁን ሲያይ እኛ በጓሮው ያለውን እንሰት እንይ። እንሰት በፍግ እየተመገበ ለዓመታት ቆሞ አፈሩን ይይዛል፤ ዝናብ ቢዘገይም ቶሎ አይከዳም። መፋቁና ማብላላቱ የሴቶች ብርቱ ሥራ ነው። ስለሆነም ቆጮና ቡላ ስንገዛ ዋጋውን አለልክ መከራከር የእናቶችን ክንድ ማርከስ መሆኑን አንርሳ።

ወደ ዋናው መንገድ ተመልሰን ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘውን ጉደርን፣ ቀጥሎም የጌዶን ደጋ አልፈን ቁልቁል ብንወርድ ባኮ እንገባለን። ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በ1,650 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኘው ባኮ የበቆሎ አገር ናት። በብዙ ክፍለ ሀገር የተዘራው “ቢኤች 660” የተባለው ድቃይ በቆሎ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ከባኮ ምርምር ማዕከል ነው። በቆሎ ምርቱ ብዙ ቢሆንም ፕሮቲኑ ላይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ያንሰዋል። ይህን የሚሞሉለት አተር፣ ባቄላና ሽምብራ ናቸው። ለሕፃን ገንፎ ሦስት እጅ የበቆሎ ወይም የገብስ ዱቄት ከአንድ እጅ የተቆላና የተከካ አተር ወይም ሽምብራ ዱቄት ጋር ቢቀላቀል መልካም ነው። በማሳ ላይ የሚደጋገፉት እህልና ጥራጥሬ በድስት ውስጥም ይደጋገፋሉ።

ውድ አንባብያን፣ የጥራጥሬና የዘይት ዋጋ መናሩ የማይካድ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ቢሞክሩ ይጠቅማል። አንደኛ፣ የዓመቱን ሽሮና ክክ አዝመራ በሚገባበት በታኅሣሥና በጥር ይሸምቱ፤ ከጎረቤት ወይም ከዕድር ጋር በኅብረት ሲሆን ዋጋው ይረክሳል። ሁለተኛ፣ በሚቻል ጊዜ ከአምራቿ እጅ ይግዙ፤ በዚያው እህሉ የት እንደበቀለ ይጠይቁ። ሦስተኛ፣ የአትክልት ልጣጭና የጓዳ ጥራጊ በጉድጓድ ተቀብሮ ብስባሽ ይሁን፤ ለጓሮው ጎመን ቀለብ ነው። አራተኛ፣ ልጆች ንፍሮን፣ ቆሎንና ጭኮን የድሃ ምግብ ብለው እንዳይንቁ ከሕፃንነታቸው ያስለምዷቸው።

በአንድ ቤት ብቻ ቢደረግ ትንሽ ይመስላል። በሆለታ፣ በግንጪ፣ በአምቦና በባኮ፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ ያሉ ቤተሰቦች ተባብረው ቢያደርጉት ግን ገበሬው ባቄላውንና ኑጉን ከማሳው አያወጣም፤ ለልጆቻችንም የሚጣፍጥ ማዕድና የሚያበቅል መሬት ይቆያቸዋል።